84 ነጥብ ከ68 የሚያንስበት ቀን

አንድ የሰፈር የቅርጫት ኳስ ቡድን እናስብ። ቅዳሜ አራት ኪሎ ላይ ተጫውቶ 84 ነጥብ አስቆጠረ፤ እሑድ ትንሿ ስታዲየም ገብቶ 68 አስቆጠረ። በየትኛው ቀን የተሻለ አጠቃ ተብሎ ቢጠየቅ፣ ሜዳውን ከብቦ ከቆመው ተመልካች አብዛኛው ሳያቅማማ ቅዳሜን ይመርጣል። አሰልጣኙም እሑድ ማታ "ዛሬ ማጥቃታችን ቀዝቅዟል" ቢል የሚቃወመው አይኖርም። ቡድኑ የእኔ ፈጠራ ነው፤ ቁጥሮቹንም የመረጥኳቸው ለስሌት እንዲመቹ ነው። ፍርዱ ግን በየሜዳው የሚሰጥ ነው፤ ብዙ ጊዜም የተሳሳተ ነው።

የጎደለው አንድ ጥያቄ ነው፦ 84ቱ ነጥብ የተገኘው ስንት ጊዜ ተሞክሮ ነው? ከመገናኛ ፒያሳ የሚመላለስ ሚኒባስ ያለው ሰው ማታ ሒሳብ ሲረከብ የብሩን ብዛት ብቻ አይቶ ዝም አይልም፤ ስንት ቢያጆ እንደተሠራም ይጠይቃል። ብዙ ተመላልሶ ጥቂት ያስገባ ሾፌር ነዳጅ ነው የጨረሰው። በቅርጫት ኳስም ነጥብን ለሙከራ ብዛት አካፍሎ የሚያይ መለኪያ አለ፤ በአንድ የማጥቃት ተራ የተገኘ ነጥብ ይባላል። አሰልጣኞችና ተንታኞች ዛሬ ስለ አንድ ቡድን የማጥቃት ብቃት ሲነጋገሩ መጀመሪያ የሚጠሩት ይህን ቁጥር ነው።

የማጥቃት ተራ የሚጀምረው ቡድኑ ኳሱን በእጁ ሲያስገባ ነው፤ የሚያበቃው ደግሞ ኳሱ ወደ ተጋጣሚው ሲያልፍ። የሚያልፍባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው። ኳሱ ቅርጫት ውስጥ ይገባል። ወይም ይሳትና ሪባውንዱን፣ ማለትም ስቶ የተመለሰውን ኳስ፣ ተጋጣሚው ይወስደዋል። ወይም ኳስ ይባክናል፤ ማለትም ይነጠቃል፣ ከመስመር ይወጣል፣ ተጫዋቹ ሳያነጥር ይራመዳል፣ አለዚያም ለአንድ ተራ የተፈቀደው 24 ሰከንድ ሳይወረወር ያልቃል። ወይም ደግሞ ተጋጣሚው ባጠፋው ጥፋት ከተሰጡት ነፃ ውርወራዎች የመጨረሻዋ ትገባለች፤ ካልገባችም ተጋጣሚ እጅ ትወድቃለች። ከጨዋታው አራት ክፍሎች አንዱ፣ ሩቡ፣ ሲያልቅም በእጅ ያለው ተራ አብሮ ያልቃል።

የእግር ኳስ ተመልካች እዚህ ላይ ትንሽ ይጠንቀቅ። ቅዳሜና እሑድ በቴሌቪዥን የምናየው "60 በመቶ የኳስ ቁጥጥር" የሚለካው በጊዜና በቅብብል ነው። የቅርጫት ኳሱ ተራ በጊዜ አይለካም። በሦስት ሰከንድ መልሶ ማጥቃት የተጠናቀቀውም፣ 23 ሰከንድ ሙሉ ኳስ ሲዘዋወር ቆይቶ የተወረወረውም እኩል አንድ ተራ ናቸው።

የመለኪያው ጉልበት የሚመጣው ከአንድ ቀላል እውነት ነው። እኔ አስቆጥሬ ስጨርስ ኳሱ ያንተ ነው፤ አንተ ስትጨርስ የእኔ ነው። ስለዚህ ጨዋታው ሲያልቅ የሁለቱ ቡድኖች የተራ ብዛት እኩል ይሆናል፤ ልዩነት ካለም ከየሩቡ አጀማመርና አጨራረስ የሚመጣ አንድ ወይም ሁለት ነው። አንዱ ቡድን 80 ተራ አግኝቶ ሌላው 60 ብቻ ያገኘበት ጨዋታ አይኖርም። ተራው እኩል ከሆነ ደግሞ ያሸነፈው በተራው ብዙ ነጥብ ያገኘው ነው። በሌላ አነጋገር፣ ፈጥኖም ተጫወተ ተንቀራፎ፣ ያ ቁጥር ከተጋጣሚው ከበለጠለት አሸንፏል ማለት ነው።

ይህ እኩልነት ግን ከጨዋታው ጋር አብሮ የተወለደ አይደለም። ጄምስ ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1891 በአሜሪካዋ ስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ በወወክማ (የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር) የአሰልጣኞች ትምህርት ቤት ጨዋታውን ሲፈጥረው፣ ከእያንዳንዱ ግብ በኋላ ኳሱ ወደ መሃል ተመልሶ በዝላይ ሽሚያ ይጀመር ነበር። (አራት ኪሎ ላይ እስከ ዛሬ ብዙ ሰው ወወክማ እያለ የሚጠራው ስፍራ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ማኅበር ነው።) በዚያ ሕግ መሠረት፣ ረጅም ተጫዋች ያለው ቡድን አስቆጥሮ እንደገና ኳሱን ሊወስድ ይችላል፤ ተራው አይለዋወጥም። የአሜሪካ ኮሌጆች ከግብ በኋላ የሚደረገውን የመሃል ዝላይ ያስቀሩት እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። ተራ መቁጠር ትርጉም ያገኘው ከዚያ ወዲህ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ አከራካሪው ነጥብ እንምጣ። የራስህን የሳተ ኳስ ራስህ ስትይዘው፣ ያ አዲስ ተራ ነው ወይስ የቀድሞው ቀጣይ? መልሱ ቀጣይ ነው። ብዙ ሰው ይህን ለመቀበል ይቸግረዋል፤ ሁለት ጊዜ ከተወረወረ ሁለት ሙከራ አይደለም ወይ ይላል። ሙከራው ሁለት ነው፤ ተራው ግን አንድ ነው፤ ኳሱ ወደ ተጋጣሚ አልተሻገረማ። አዲስ ተራ ብለን ብንቆጥረው ከላይ ያልነው እኩልነት ይፈርሳል፤ ሪባውንድ ላይ ጠንካራ የሆነ ቡድን ብዙ ተራ እንዳገኘ ተቆጥሮ ነጥቡ ለብዙ ስለሚካፈል፣ ጥንካሬው ቅጣት ይሆንበታል። እንደ ቀጣይ ስንቆጥረው ግን ያ የተረፈ ኳስ ለዚያው ተራ ተጨማሪ ነጥብ ይዞ ይመጣል፤ ለቡድኑ የሚገባውም ይኸው ነው። የጨዋታው ሕግም የሚያየው በዚሁ ዓይን ይመስላል። በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ሕግ የማጥቃት ሰዓቱ ለአዲስ ተራ 24 ሰከንድ ሲሰጥ፣ ቀለበቱን ነክቶ ተመልሶ ለወረወረው ቡድን ለቀረ ኳስ ግን የሚሰጠው 14 ብቻ ነው።

አንዲት ተራ ከቅርብ እንይ። አከፋፋዩ ኳሱን እያነጠረ ያመጣል፤ ወደ ቀኝ ጥግ ያቀብላል። ጥጉ ላይ ያለው ልጅ ከሦስት ነጥብ መስመር ጀርባ ይወረውራል፤ ኳሱ ቀለበቱን ነክቶ ይመለሳል። ከቅርጫቱ ሥር ያለው ረጅሙ ልጅ ከሁለት ተከላካዮች መሃል ዘሎ ይይዘዋል፤ ይዞት እንደገና ሲነሳ ክንዱን ይመቱታል፤ ውርወራው ይስታል፣ ዳኛው ፊሽካ ይነፋል። ሁለት ነፃ ውርወራ። የመጀመሪያዋ ትስታለች፣ ሁለተኛዋ ትገባለች። ከሜዳው ጠርዝ እርሳስ ይዞ የተቀመጠ መዝጋቢ በወረቀቱ ላይ የሚያሰምረው አንድ ጭረት ብቻ ነው፤ ከጭረቱ ጎንም 1 ብሎ ይጽፋል። አንድ ተራ፣ አንድ ነጥብ። ያ ሁሉ ግርግር በመጽሐፉ ላይ ይህችን ያህል ነው።

መለኪያውን ለመረዳት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም፤ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ረድፍ፣ ኳሱ በተሻገረ ቁጥር አንድ ጭረት። ሁለት ሩብ የቆጠረ ሰው ጨዋታውን በሌላ ዓይን ማየት ይጀምራል። ጭብጨባ የሚበዛበት ጊዜና ነጥብ የሚበዛበት ጊዜ አንድ እንዳልሆኑም ቶሎ ይገለጥለታል።

ቆጣሪ ያልነበረበትን ጨዋታ ግን ምን እናድርግ? ከጨዋታ በኋላ በተለመደው የውጤት ቅጽ ላይ የሚገኙት የውርወራ ሙከራዎች፣ ነፃ ውርወራዎች፣ ሪባውንዶችና የባከኑ ኳሶች ናቸው፤ የተራ ብዛት ብዙውን ጊዜ አይመዘገብም። ስለዚህ በግምት ይሰላል። የሜዳ ውርወራ ሙከራዎችን ውሰድ፤ በማጥቃት የተያዙ ሪባውንዶችን ቀንስ፤ የባከኑ ኳሶችን ደምር፤ ከዚያ የነፃ ውርወራዎችን ብዛት በ0.44 አባዝተህ ጨምርበት። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ግልጽ ናቸው። 0.44 ግን ከየት መጣ?

አንድ ጥፋት ሁለት ነፃ ውርወራ የሚያሰጥ ከሆነ ሁለቱ ተደምረው አንድ ተራ ይጨርሳሉ፤ ስለዚህ እያንዳንዷ ግማሽ ተራ፣ 0.5 መሆን ነበረባት። ነገር ግን ሁሉም ነፃ ውርወራ ጥንድ ሆኖ አይመጣም። ተጫዋቹ እየተመታ አስቆጥሮ አንዲት ተጨማሪ ሲሰጠው፣ ያቺ ውርወራ አዲስ ተራ አትጨርስም፤ ተራው በግቡ ተቆጥሯል። ባለ ሦስት ነጥብ ሲወረውር የተመታ ሦስት ያገኛል፤ በቴክኒክ ጥፋት፣ ማለትም በሥነ ምግባር ጉድለትና በመሳሰለው፣ የምትሰጠዋ ደግሞ የማንንም ተራ አትጨርስም። እነዚህ ሁሉ ተደማምረው አማካዩን ከግማሽ በታች ያወርዱታል። 0.44 የተገኘው የአሜሪካው ፕሮፌሽናል ሊግ የኤንቢኤ ጨዋታዎች አንድ በአንድ ተቆጥረው ነው። ለአሜሪካ ኮሌጆች ጨዋታ 0.475 የሚጠቀሙም አሉ። የእኛን ሜዳ በእርሳስ የቆጠረ ሰው የራሱን ቁጥር ቢያወጣ ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኛል።

ቀመሩ በአንዲት ተራ ላይ ይሳሳታል። ያቺን የረጅሙን ልጅ ተራ እንፈትናት። እየተመታ የሳታት ውርወራ እንደ ሙከራ አትመዘገብም፤ ስለዚህ አንድ የሜዳ ሙከራ፣ ሲቀነስ አንድ ሪባውንድ፣ ሲደመር ሁለት ጊዜ 0.44፤ 0.88 ይመጣል። እውነተኛው 1 ነው፤ 0.12 ጎደለ። በሌላ በኩል እየተመታ አስቆጥሮ አንዲት ነፃ ውርወራ ያገኘ ተጫዋች ተራ በቀመሩ 1.44 ሆና ትመጣለች፤ 0.44 ትርፍ። አንዲት እንዲህ ያለች ተራ አራት ያህል የመጀመሪያውን ዓይነት ታካክሳለች። በሙሉ ጨዋታ ላይ መብዛቱና ማነሱ ስለሚጣፋ ውጤቱ ከእውነተኛው ቆጠራ ብዙ አይርቅም።

ወደ ሰፈሩ ቡድን እንመለስ። ቅዳሜ 76 ጊዜ ከሜዳ ወረወረ፣ 18 ነፃ ውርወራ አገኘ፣ 10 የማጥቃት ሪባውንድ ያዘ፣ 21 ኳስ አባከነ። 76 ሲቀነስ 10፣ ሲደመር 21፣ ሲደመር 7.9፤ 95 ተራ ገደማ። 84 ለ95 ሲካፈል 0.88። እሑድ ደግሞ 58 ወረወረ፣ 15 ነፃ ውርወራ አገኘ፣ 11 ሪባውንድ ያዘ፣ 12 ኳስ አባከነ። 58 ሲቀነስ 11፣ ሲደመር 12፣ ሲደመር 6.6፤ 66 ተራ ገደማ። 68 ለ66 ሲካፈል 1.03። ቁጥሩን በመቶ ተራ አድርጎ መናገር የተለመደ ስለሆነ ቅዳሜ 88፣ እሑድ 103 ማለት ነው። ሰፊ ልዩነት ነው። ቡድኑ እሑድ እንዳጠቃው ቢያጠቃ ኖሮ በቅዳሜዎቹ 95 ተራዎች ወደ 98 ነጥብ ያገኝ ነበር። ቅዳሜ 91 ለ84 ተሸንፎ፣ እሑድ 68 ለ61 አሸንፎ ከሆነም የሚያስደንቅ አይሆንም።

ልዩነቱ ከየት መጣ? አብዛኛው ሰው "እሑድ ውርወራቸው ሰምሮላቸው ነበር" ይላል። አልሰመረላቸውም። ቅዳሜ ከ76ቱ 34 ገባላቸው እንበል፤ ከነዚህ 6ቱ ባለ ሦስት ነጥብ ናቸው። 45 በመቶ ገደማ ነው። እሑድ ከ58ቱ 25 ገባ፤ 7ቱ ባለ ሦስት። 43 በመቶ። ሦስቱን ነጥብ እንደ አንድ ተኩል ግብ ብንቆጥረው ሁለቱ ቀናት 49 በመቶ አካባቢ ላይ ይገናኛሉ። ልዩነቱ ያለው ተመልካች በማያጨበጭብለት ቦታ ነው። ቅዳሜ ከመቶ ተራ 22ቱ ሳይወረወርባቸው ባከኑ፤ እሑድ 18። ቅዳሜ ከሳቷቸው 42 ውርወራዎች 10 ሪባውንድ ተመለሰላቸው፤ እሑድ ከ33ቱ 11፣ ማለትም ሲሶው። ነፃ ውርወራም እሑድ ከሙከራቸው አንፃር በርከት ያለ ነበር።

የአሜሪካው ተንታኝ ዲን ኦሊቨር ማጥቃትን የሚወስኑት እነዚህ አራት ነገሮች ናቸው ብሎ ክብደትም ሰጥቷቸዋል፦ ለውርወራ ብቃት 40 በመቶ፣ ኳስ ላለማባከን 25፣ ለማጥቃት ሪባውንድ 20፣ ለነፃ ውርወራ 15። ኦሊቨርን እ.ኤ.አ. በ2004 የሲያትል ሱፐርሶኒክስ ቡድን በሙያው ቀጥሮታል። ክብደቶቹ ግምት ናቸው፤ ከሊግ ሊግም ሊለያዩ ይችላሉ። ለአማተር ቡድን እኔን ቢጠይቁኝ ኳስ ማባከንን ከዚያ ከፍ አደርገው ነበር። ምክንያቱም የሳተ ውርወራ ቢያንስ የሪባውንድ ዕድል ይተዋል፤ የተነጠቀ ኳስ ግን ለአንተ ዜሮ ከመሆኑም በላይ ለተጋጣሚ ባዶ ሜዳ ላይ የሚሮጥበትን ተራ ይሰጠዋል። የሰፈር አሰልጣኝ ሁለት ሰዓት ውርወራ ከሚያለማምድ ግማሹን ለቅብብል ቢሰጠው ውጤቱ ፈጥኖ የሚታይ ይመስለኛል።

ተራን መቁጠር የጀመረ ሰው ውርወራንም በዋጋው ማየት ይለምዳል። ከግማሹ የሚገባ ባለ ሁለት ነጥብ ውርወራ በአማካይ 1 ነጥብ ያመጣል። ከመቶ 36ቱ የሚገባ ባለ ሦስት 1.08 ያመጣል፤ ብዙ ጊዜ እየሳተም ይበልጣል ማለት ነው። ከመስመሩ አንድ እርምጃ ገባ ብሎ የሚወረወረው ረጅም ባለ ሁለት ግን ከመቶ 40 ቢገባ 0.8 ብቻ ነው፤ አስቸጋሪነቱ የሦስት፣ ክፍያው የሁለት። 75 በመቶ ለሚያስገባ ተጫዋች ሁለት ነፃ ውርወራ 1.5 ነጥብ ነው፤ ከሁሉም ይበልጣል። የሦስት ነጥብ መስመር ኤንቢኤ የገባው በ1979–80 የውድድር ዘመን ሲሆን፣ ያኔ አንድ ቡድን በጨዋታ በአማካይ የሚሞክረው ሦስት እንኳ አይሞላም ነበር። በ2023–24 ወደ 35 ደርሷል። ተጫዋቾቹ ርቀትን ስለወደዱ ብቻ አይደለም፤ ሒሳቡን የሠራ ሰው ስለበዛ ነው።

ጠቅላላ ነጥብ ምን ያህል እንደሚያታልል ታሪክም ያሳያል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 22 ቀን 1950 ፎርት ዌይን ፒስተንስ ሚኒያፖሊስ ሌከርስን 19 ለ18 አሸነፈ፤ በኤንቢኤ ታሪክ ዝቅተኛው ውጤት ነው። ፒስተንሶች ግዙፉ የሌከርስ ተጫዋች ጆርጅ ማይካን ኳስ እንዳያገኝ ሲሉ ራሳቸው ኳሱን ይዘው ቆሙ፤ የማጥቃት ሰዓት አልነበረምና የሚያስገድዳቸው የለም። 19ኙን ነጥብ አይቶ ማጥቃታቸው ደካማ ነው ለማለት መጀመሪያ ስንት ተራ እንደነበራቸው መጠየቅ ያስፈልጋል። የሰራኪዩዝ ቡድን ባለቤት ዳኒ ቢያዞን መፍትሔ ሲያስብ፣ ጥሩ በሚላቸው ጨዋታዎች ሁለቱ ቡድኖች ተደምረው 120 ጊዜ ያህል እንደሚወረውሩ አስተዋለ። የጨዋታው 48 ደቂቃ 2,880 ሰከንድ ነው፤ ለ120 ሲካፈል 24። ሰዓቱ በ1954 ሥራ ላይ ሲውል የአንድ ቡድን አማካይ ነጥብ በአንድ የውድድር ዘመን ልዩነት ከ79.5 ወደ 93.1 ዘለለ። ወርዋሪዎቹ በአንድ ክረምት ያን ያህል አልጎበዙም፤ በዋናነት የበዛው ተራው ነው።

በዚያው አሥር ዓመት፣ ኮሎራዶ ባለው የአሜሪካ አየር ኃይል አካዳሚ ረዳት አሰልጣኝ የነበረው ዲን ስሚዝ ቡድኑን በጠቅላላ ነጥብ ሳይሆን በተራ መለካት ጀመረ። በኋላ በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ማይክል ጆርዳንን ያሰለጠነው እሱ ነው። በዝግታ የሚጫወት ቡድን ጥቂት ነጥብ ስለሚገባበት መከላከሉ ብርቱ ይመስላል፤ ፈጣኑ ቡድን ብዙ ስለሚያስቆጥር ማጥቃቱ ብርቱ ይመስላል። ለተራ ሲካፈል ሁለቱም መምሰል ይጠፋል።

ከሁሉ ግን የምወደው የዴንቨር ነጌትስ የ1990–91 ታሪክ ነው። አሰልጣኙ ፖል ዌስትሄድ ቡድኑን ያለ እረፍት አስሮጠው፤ ከተማዋ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች እንግዳ ቡድኖች ትንፋሽ ያጥራቸዋል ተብሎም ይታሰብ ነበር። (ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ የሚኖር አዲስ አበቤ ይህን ሰምቶ ቢስቅ መብቱ ነው።) ቡድኑ በጨዋታ 119.9 ነጥብ አስቆጥሮ የሊጉ ቀዳሚ ሆነ። ነገር ግን ያን ያገኘው በ114 ያህል ተራ ነው፤ በተራ 1.05። የሊጉ አማካይ 1.08 ነበር። በጋዜጣ ሠንጠረዥ አንደኛ የሆነው አጥቂ ቡድን፣ በእውነቱ ከአማካይ በታች ነበር። በዚያ ላይ በጨዋታ 130.8 ነጥብ ይቆጠርበት ስለነበር ከ82 ጨዋታ 62ቱን ተሸነፈ።

ለመሆኑ ጥሩ የሚባለው ቁጥር ስንት ነው? በሊጉ ይወሰናል። በ2023–24 የኤንቢኤ አማካይ በመቶ ተራ 115 አካባቢ ነበር፤ ሻምፒዮኑ ቦስተን ሴልቲክስ ከ122 አልፏል። ቁጥሩን ከሁለት ድረ ገጾች ብታዩት በአንድ ነጥብ ያህል ሊለያይ ይችላል፤ አንዱ ተራን ይቆጥራል፣ ሌላው በቀመር ይገምታል። በሲሚንቶ ሜዳ፣ ቀለበቱ ትንሽ ባዘመመ ቅርጫት፣ ሰኔ ላይ ካፊያ እየጣለ የሚጫወት ቡድን ራሱን ከቦስተን ጋር ማስተያየት የለበትም። ከራሱ ተጋጣሚዎችና ከራሱ ያለፈ ወር ጋር ያስተያይ።

በአንድ ጨዋታ መፍረድም አደገኛ ነው። 66 ተራ ትንሽ ናሙና ነው። እሑድ ከገቡት ባለ ሦስት ነጥቦች ሁለቱ ቀለበቱን ዞረው ቢወጡ ኖሮ ስድስት ነጥብ ይቀነስና 1.03 የነበረው ወደ 0.94 ይወርድ ነበር፤ የቡድኑ ብቃት ሳይለወጥ። ተጋጣሚው ደካማ ከሆነም ቁጥሩ ያብጣል፤ በ30 ነጥብ በተመራ ጨዋታ መጨረሻ ላይ ተቀያሪዎች ሲገቡ የሚሆነውም ብዙ አይናገርም። ለአንድ ተጫዋች ሲውል ደግሞ መለኪያው ይበልጥ ይጠባል፤ ተከላካይ አግዶ ለጓደኛው መንገድ የከፈተው፣ ወይም ጥግ ላይ በመቆሙ ብቻ አንድ ተከላካይ ይዞ የቀረው ልጅ በወረቀቱ ላይ የለም። ኳሱን የጨረሰው ብቻ ይታያል። ቁጥሩ የቡድን ነው፤ በቡድን ደረጃ ሲያዝ ነው ታማኝ የሚሆነው።

መከላከልን መለካት አዲስ ትምህርት አይጠይቅም፤ የተጋጣሚን ነጥብ ለተጋጣሚ ተራ ማካፈል ነው።

በመጨረሻ፣ ተራው እኩል ነው ብለን የዘለልናት የሩብ መጨረሻ ትቀራለች። ብልህ ቡድኖች አንዲት ተራ የሚሰርቁት እዚያ ነው። ሰዓቱ 34 ሰከንድ ሲቀረው ኳስ በእጅህ ነው እንበል። ረጋ ብለህ 20 ሰከንድ ተጠቅመህ ብትወረውር ሩቡን የሚዘጋው ተጋጣሚህ ይሆናል፤ አንድ ተራ ለአንድ። በአራት ሰከንድ ውስጥ ፈጠን ብለህ ብትወረውር ግን 30 ሰከንድ ይቀራል፤ ተጋጣሚህ ቢበዛ 24ቱን መጠቀም ይችላል፤ በማጥቃት ሪባውንድ ካላራዘመው በቀር ኳሱ ስድስት ሰከንድ እያለ ይመለስልሃል። ሁለት ለአንድ። የተጣደፈችው ውርወራ 0.8፣ የስድስት ሰከንዷ ደግሞ 0.6 ታወጣለች ብንል በድምሩ 1.4 ነው፤ ረጋ ብላ የተሠራችው አንዲቱ ተራ 1 ታወጣ ነበር። ነገር ግን ጥድፊያዋ የምታመጣው ውርወራ ሁለት ተከላካይ ፊት የምትወረወር፣ 0.4 የምታወጣ ከሆነች ሒሳቡ እኩል ይመጣል፤ ከዚያ ከባሰች አለመስረቁ ይሻላል።